መብራቷ ብልጭ እያለች መኪናው ለምን ይንሸራተታል?

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ እርጥብ አደባባይ የሚጠይቁ በመሆናቸው የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚያግዘው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ስሙ በየፋብሪካው ይለያያል፤ ቶዮታ ቪኤስሲ፣ ኒሳን ቪዲሲ፣ ሆንዳ ቪኤስኤ፣ ሃዩንዳይና ኪያ ኢኤስሲ፣ መርሴዲስና ሱዙኪ ደግሞ ኢኤስፒ ይሉታል። ሥራው አንድ ነው። እኛም ብዙው አንባቢ በሚያውቀው ስም ቪኤስሲ እያልን እንቀጥላለን።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቪኤስሲ አለው። ባለፈው ሳምንት ማለዳ፣ ካፊያ እየጣለ፣ አደባባይ ስዞር ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የመኪና ምስል ያላት ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። መሪውን ወደ ግራ ባጠፍም መኪናው ወደ ቀኝ ተንሸራቶ የመንገዱን ጠርዝ መታ። ፍጥነቴ ከ40 አይበልጥም ነበር። ሲስተሙ ተበላሽቶ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልተበላሸም። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ስትል ሲስተሙ በዚያች ቅጽበት እየሠራ ነው ማለት ነው። ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ ግን ሳትቆራረጥ በርታ ትቀራለች።

ቪኤስሲ በአራቱም ጎማዎች ላይ ካሉት የፍጥነት ሴንሰሮች፣ ከመሪው ሥር ካለው የመሪ ሴንሰርና መኪናው ምን ያህል እየዞረና ወደ ጎን እየተገፋ እንደሆነ ከሚለካው ሴንሰር መረጃ ይወስዳል። እርስዎ በመሪው ያዘዙትንና መኪናው የሚሄድበትን አቅጣጫ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያነጻጽራል። በእርስዎ ላይ እንደደረሰው አፍንጫው ወደ ውጭ ሲያመልጥ የውስጠኛውን የኋላ ጎማ፣ ማለትም በእኛ አደባባይ ግራውን፣ ለብቻው ፍሬን ይይዝበትና የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። በተቃራኒው ጅራቱ ሲወረወር የውጨኛውን የፊት ጎማ፣ ቀኙን፣ ይይዛል። ሾፌር በአንድ ፔዳል አራት ጎማ ለየብቻ መያዝ ስለማይችል ይህ በሰው እግር የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ያ ፍሬን የሚሠራው በጎማው በኩል ነው። ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚነካካበት ቦታ በአንድ ጎማ የመዳፍ ስፋት ያህል ነው። ቪኤስሲ በአራቱ መዳፎች ያለውን አቅም ያከፋፍላል እንጂ ተጨማሪ አቅም አይፈጥርም። አቅሙ ቀድሞ ካለቀ የሚያከፋፍለው ነገር አይኖረውም።

በቁጥር እንየው። መኪናዎ 1,200 ኪሎ ይመዝን፤ የሚዞሩበት መስመር ከአደባባዩ መሃል 20 ሜትር ይራቅ። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲዞሩ አራቱ ጎማዎች በጎን መቋቋም ያለባቸው ግፊት 190 ኪሎ ገደማ ነው። በ30 ሲዞሩ 425፣ በ40 ሲዞሩ 750 ኪሎ ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ደህና ጥርስ ያላቸው ጎማዎች በደረቅ አስፋልት ላይ ወደ 900 ኪሎ ይቋቋማሉ፤ በእርጥብ ንጹሕ አስፋልት ላይ 600 አካባቢ፤ ጭቃና ዘይት በተቀባ አስፋልት ላይ 300 ወይም ከዚያ በታች። እንግዲህ በ40 ሲዞሩ ንጹሕ እርጥብ መንገድም ቢሆን አይበቃዎትም ነበር። በ30 ቢሆን ንጹሑ ይይዝዎታል፣ ጭቃው ግን አይዝዎትም። በ20 ሲሆን ጭቃውም ይይዝዎታል።

«ካፊያ ነበር» ማለትዎም ዋና ፍንጭ ነው። ከባድ ዝናብ መንገዱን ያጥባል። ካፊያ ግን ከጎማ የተፋቀውን ላስቲክ፣ ከሞተር የሚንጠባጠበውን ዘይትና አቧራውን ያርስና እንደ ሳሙና ያለ ስስ ሽፋን አድርጎ ይተወዋል። ብዙ ሰው ይህን «ጎማው ውሃ ላይ ተንሳፈፈ» ይለዋል፤ አይደለም። የግል መኪና ጎማ በወፍራም ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው በአውራ ጎዳና ፍጥነት ነው፤ 32 ፒኤስአይ ንፋስ ላለው ጎማ በተለምዶ የሚሰላው 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ሲሆን ጎማው ካለቀ ከዚያ በታችም ይሆናል። በአደባባይ ፍጥነት የሚጥልዎት የጥልቅ ውሃ ሳይሆን የዚያ ስስ ቅባት ነገር ነው።

አደባባይ ደግሞ ቅባት የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ታንከሩን እስከ አፉ የሞላ የጭነት መኪና ሲዞር ናፍጣው በክዳኑ በኩል ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ከግንባታ ቦታ የወጣ ገልባጭም ጎማው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ እዚያው ያራግፋል። ውሃ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ካዩ ናፍጣ ነው፤ መስመርዎን ወደ ሌላ ይቀይሩ። ብዙ አደባባይ ውሃ እንዲፈስበት ወደ ውጭ ያዘነበለ ስለሆነ መኪናውን ወደ ውጭ የሚገፋ ትንሽ ግፊት ይጨምርበታል። የብረት ክዳንና የዜብራ ቀለም እርጥብ ሲሆኑ ከአስፋልቱ የባሰ ያንሸራትታሉ፤ መሪ ባጠፉበት ወይም ፍሬን በያዙበት ቅጽበት አይርገጧቸው።

አፍንጫው ሲያመልጥ ማንም የሚያደርገው መሪውን የበለጠ ማጠፍ ነው። ይህ ያባብሰዋል፤ የተንሸራተተ ጎማ ይበልጥ ቢያጠፉት ይበልጥ ይፋቃል እንጂ አይይዝም። እግርዎን ከነዳጁ ቀስ ብለው ያንሱ፣ መሪውን በጥቂቱ መልሰው ጎማው እስኪይዝ ይጠብቁ፣ ከዚያ እንደገና ያጥፉ። ጅራቱ ሲወረወር ደግሞ ዓይንዎ መሄድ የሚፈልጉበት ላይ ይሁን፣ መሪውን ወደዚያው ያዙሩ። ቪኤስሲ በሌለው መኪና ላይ በዚያች ቅጽበት ፍሬን መምታት መኪናውን ያሽከረክረዋል። ቪኤስሲና ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ካለዎትና ግጭት የማይቀር ከሆነ ግን ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ፣ መሪውንም አይልቀቁ።

ጥያቄ፦ የምገዛው ያገለገለ መኪና ቪኤስሲ እንዳለው በምን አውቃለሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ። ከኋላዋ ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮች ያሏት የመኪና ምስል ቢጫ ሆና መብራት፣ ትንሽ ቆይታም መጥፋት አለባት። ብዙ ጊዜ ከመሪው በስተግራ የማጥፊያ ቁልፍም ይኖራል። መብራቷ ጭራሽ ካልበራች ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ሲስተሙ የለም፣ ወይም ብልሽት እንዳይታይ አምፖሏ ተነቅላለች። የኤቢኤስ መብራትም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል።

ቴክኖሎጂው በሚሸጡ መኪናዎች ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ለቀላል መኪናዎች ሁሉ ግዴታ አደረገችው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከኅዳር 2014 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪናዎች ሁሉ። ከዚያ በፊት የተሠሩ ርካሽ ትንንሽ መኪናዎች ብዙዎቹ የላቸውም። ሻጭ «ኤቢኤስ አለው» ካለዎት ቪኤስሲ አለው ማለት እንዳልሆነ ያስተውሉ። ኤቢኤስ ፍሬን ሲይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ ያደርጋል፤ ያለ ፍሬን ሲዞሩ ግን ምንም አይሠራም።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ለሁለት አዲስ ጎማ ብቻ በቃ። መኪናዬ የሚጎትተው በፊት ጎማ ስለሆነ ጎሚስታው ፊት እንግጠመው ይላል። ወንድሜ ደግሞ ኋላ ይላል። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ወንድምዎ ትክክል ነው፤ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። መኪናው በየትኛውም ጎማ ይጎትት፣ መልሱ አይለወጥም።

ፊት ያሉት ያረጁ ከሆኑ መጀመሪያ የሚያመልጠው አፍንጫው ነው። ያ መሪው ላይ ይሰማዎታል፤ እግር በማንሳት ብቻ ይመለሳል። ኋላ ያሉት ያረጁ ከሆኑ ግን ጅራቱ ሳያስጠነቅቅ ይወረወራል፣ እርጥብ አደባባይ ላይ መኪናው ዞሮ ወደ መጣበት ሲያይ ያገኙታል። መሪው የሚያዘው የፊት ጎማን ስለሆነ ለተወረወረ የኋላ ጎማ የሚሰጠው ቀጥተኛ ትእዛዝ የለም። ጎሚስታው የፊት ጎማ ቶሎ ያልቃል ማለቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን በየ10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ማቀያየር፣ በኋላም አራቱን በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው።

ፊት የሚቀሩት አሮጌዎቹም ገና የሚሠሩ መሆናቸውን ይለኩ። የክብሪት እንጨት በጥርሱ ቦይ ውስጥ ቀጥ አድርገው እስከ ታች ይክተቱ፣ ከጎማው ላይኛ ገጽ እኩል የሆነበትን ቦታ በጥፍርዎ ይያዙና በማስመሪያ ይለኩት። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በውስጥ በኩል፣ መሃልና በውጭ በኩል ይለኩ። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በብዙ አገሮች ሕጋዊው ዝቅተኛ መጠን 1.6 ነው፤ በቦዩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ከሆኑ እዚያ ደርሷል። ለክረምት ግን 3 ሲቀረው ይቀይሩ። ከ3 በታች ቦዩ ውሃውን ለማስወጣት ይጠብበታል። በአንድ ጎኑ ብቻ የተበላ ጎማ ካገኙ አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ቴስቲናውን (የመሪውን መጋጠሚያ) አስፈትሸው አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) ያሠሩ፤ አለዚያ አዲሱም እንደዚያው ይበላል።

ጥርሱ እያለ የደረቀ ጎማም አለ። በጎኑ ላይ ካለው የምርት ቁጥር መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 23ኛ ሳምንት ነው። ጥፍርዎን ጥርሱ ላይ ሲጫኑት ትንሽም ካልገባ፣ በጎኑም ስንጥቅ ካለው፣ ላስቲኩ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ የክብሪቱ ልኬት 6 ሚሊ ሜትር ቢያሳይም እርጥብ መንገድ አይዝም።

ከጃፓን ከመኪናው ጋር የሚመጣ አንድ የጎማ ዓይነት በተለይ እንዲያጣሩ እንመክራለን። ጎኑ ላይ «ስተድለስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ለበረዶ የተሠራ ነው። ጥርሱ በብዙ ስስ መቆራረጦች የተሞላ፣ ላስቲኩም ለስላሳ ነው። በረዶ በሌለበት አገር ጥርሶቹ ተራ አስፋልት ላይ ይተጣጠፋሉ፣ ፍሬን ሲይዙና ሲዞሩም ጥርት ያለ ምላሽ አይሰጥም። ሊሾ በሆነ ጎማ ላይ በትኩስ ብረት አዲስ ጥርስ ማስቀረጽ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር፤ ቢላው የሚደርሰው ሽቦው ጋ ነው።

ጥያቄ፦ በክረምት ጎማ ጠንከር ሲል ይሻላል ተብዬ 45 ፒኤስአይ ንፋስ እሞላለሁ። ልክ ነኝ? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይደሉም። ጠንካራ ጎማ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ውሃ ለመሰንጠቅ ይረዳል መባሉ መሠረት አለው። አደባባይ ላይ ግን ከልኩ ያለፈ ጎማ በመሃሉ ብቻ ይቆማል፣ መዳፉ ይጠብባል፣ ጎርበጥ ባለ ቦታም ይነጥራል። ልኩ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ለብዙ ትንንሽ መኪናዎች ከ30 እስከ 36 ፒኤስአይ መካከል ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ ለመኪናዎ የታዘዘ መጠን አይደለም። ጠዋት ሳይነዱ ያስለኩ፤ ሲሞቅ በራሱ ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ የፊት ቀኝ ኩሽኔታ ካስቀየርኩ በኋላ የኤቢኤስና የቪኤስሲ መብራቶች አንድ ላይ በርተው ቀሩ። መካኒኩ ሴንሰሩ ተቃጥሏል፣ ግዛ ይላል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሴንሰሩን ከመግዛትዎ በፊት ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ተገልብጦ እንዳልገባ ያረጋግጡ። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ የኩሽኔታው አንዱ ጎን ማግኔት ያለው ጥቁር ቀለበት አለው፣ ሴንሰሩም ፍጥነት የሚያነበው ከእሱ ነው። ሁለቱ ጎኖች ለዓይን ስለሚመሳሰሉ ተገልብጦ መግባቱ የተለመደ ስህተት ነው። የብረት ብናኝ ሲነሰነስበት የሚይዘው ጎን ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ ኩሽኔታው ያለ ድምፅ ይሽከረከራል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አያነብም፤ አዲስ ሴንሰር ቢገዙም መብራቱ አይጠፋም።

መመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ካገኙ ቀላል ነው። መኪናውን በ20 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ እየነዱ የአራቱንም ጎማዎች ፍጥነት ስክሪኑ ላይ ይዩ። ሦስቱ 20 አንዱ ዜሮ ካለ ችግሩ የዚያ ጎማ ኩሽኔታ፣ ሴንሰር ወይም ገመድ ነው፤ ገመዱ በመከላከያው ውስጥ ሲነቃቀል መበጠሱም አይቀርም። አራቱም ትክክል ካነበቡና የበራው ቪኤስሲ ብቻ ከሆነ ወደ መሪው ሴንሰር ይሂዱ። አላይመንት ሲሠራ ወይም መሪ ሲፈታ ዜሮው ይሳሳታል፤ በኮምፒውተር እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ምክንያት የማይመሳሰል የጎማ ቁጥር ነው። 175/65 ባለ 14 ጎማ ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ነው፤ 185/70 ባለ 14 ደግሞ 615። ሁለቱ አንድ መኪና ላይ ሲገጠሙ 5 በመቶ ልዩነት ይፈጠራል፣ ኮምፒውተሩም መኪናው ሁልጊዜ እየዞረ ይመስለዋል።

ሁለቱ መብራቶች በርተው ሳለ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ኤቢኤስና ቪኤስሲ ግን የሉዎትም። ቀዩ የፍሬን መብራትም አብሮ ከበራ መኪናውን አይንዱ።

ጥያቄ፦ ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው የምሠራበት። ሰው ሲሞላ ደህና ነው፤ ባዶውን ስመለስ ግን አደባባይ ላይ ኋላው ይወረወራል። የኋላ ጎማዎቹ ጥርሳቸው ገና ነው። (ከደሴ)

መልስ፦ የሚኒባስዎ የኋላ ባሌስትራ (የተደራረበው የብረት ስፕሪንግ) የተሠራው ለሙሉ ጭነት ነው። ባዶ ሲሆን ባሌስትራው አይተጣጠፍም፣ ጎማው በየጉብታው ከመንገዱ ይላቀቃል። ንፋሱም ለሙሉ ሰው የተሞላ ስለሆነ ይብሳል። የሾክ አብሶርበሩን ሁኔታም ይዩ፦ የኋላውን ማዕዘን በክብደትዎ ተጭነው ይልቀቁ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ከወዘወዘ አልቋል።

ይበልጥ የምንጠረጥረው ግን ማርሹን ነው። አደባባይ ውስጥ እየዞሩ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቀንሰው ፍሪሲዮኑን በድንገት ከለቀቁ ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ይይዛቸዋል። እርጥብ መንገድ ላይ የእጅ ፍሬን እንደመሳብ ነው። ማርሹን አደባባዩ ከመድረስዎ በፊት፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ቀንሰው ይግቡ፣ ፍሪሲዮኑንም ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ እስኪወጡ ድረስ እዚያው ማርሽ ላይ ይቆዩ።

ሰው ሲሞላ ደህና ነው ያሉትን በጥንቃቄ ይያዙት። አደባባይ ሲገቡ መኪናው ወደ ቀኝ፣ ሲዞሩ ወደ ግራ፣ ሲወጡ እንደገና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ረጅም መኪና በእያንዳንዱ መታጠፍ ይወዛወዛል፤ ፖርቶ መጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ዕቃ ካለ የባሰ ነው። እየተንሸራተተ በጎኑ ጠርዝ የመታ ሙሉ ሚኒባስ ይገለበጣል። ከባዱን ዕቃ ወለል ላይ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ከዞርኩ ሦስት ወሬ ነው፣ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። ዝናብ ላይ እየዞርኩ እግሬን ሳነሳ ኋላው የሚከዳኝ ይመስለኛል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሚሰማዎት እውነት ነው። እግርዎን ሲያነሱ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪ ይሞላል፣ በዚያውም ጎማውን ይይዛል። በእርስዎ መኪና የሚይዘው የኋላውን ብቻ ስለሆነ እርጥብ አደባባይ ላይ ጅራቱን ያቀለዋል። መኪናው ኃይል የሚመልስበት ደረጃ የሚመረጥ ከሆነ በዝናብ ዝቅተኛውን ይምረጡ፤ ለምሳሌ በቮልስዋገን አይዲ 4 ላይ ከ«ቢ» ይልቅ «ዲ» ላይ ይንዱ። ፔዳሉን በአንድ ጊዜ አይልቀቁ፣ ቀስ እያሉ ያንሱ። በፊት ጎማ የሚጎትቱ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ችግራቸው ሌላ ነው፦ ከአደባባይ ሲወጡ ፔዳሉ ሲረገጥ ሙሉ ጉልበቱ ወዲያው ስለሚመጣ የፊት ጎማው ይሽከረከርና አፍንጫው ያመልጣል።

ክብደቱ ብቻውን ቶሎ አያንሸራትተውም፤ ከባድ መኪና መንገዱንም በዚያው ልክ ይጫናል። ጎማ ሲቀይሩ ግን የክብደት ቁጥሩ ከፋብሪካው ያነሰ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። 2 ቶን የሚደርስ መኪና ላይ ለቀላል መኪና የተሠራ ጎማ ሲገጠም ጎኑ ይታጠፋል፣ መዳፉም ጠርዝ ላይ ይቆማል።

ጥያቄ፦ እዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ኪካሮች (አደባባዮች) ላይ መኪና ሲጋጭ እናያለን፤ ከሳምንት በኋላ ግን በባሰ ዝናብ ምንም የለም። ሾፌሩ ስለሚለምድ ነው? (ከኔታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ መልመዱም ይኖርበታል፤ ዋናው ግን መንገዱ መታጠቡ ነው። እስራኤል ውስጥ በጋው ወራት ያለ ዝናብ ያልፋል፤ የዘይቱ፣ የላስቲኩና የአቧራው ክምችት የወራት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ያን ሁሉ ያርሱታል። በዚያ ሰዓት በደረቁ ከሚዞሩበት ፍጥነት ግማሹን ይያዙ፣ ከፊትዎ ካለው መኪና ርቀትዎንም እጥፍ ያድርጉት። ጎማውም በጋውን ሙሉ በፀሐይ ስለሚደርቅ ከዝናቡ በፊት ያስፈትሹ።

ጥያቄ፦ የቪኤስሲ ማጥፊያው ቁልፍ ለምን ተሠራ? (ከጅማ)

መልስ፦ ጭቃ ወይም አሸዋ ውስጥ ለሚቀረቀር መኪና ነው። ሲስተሙ ጎማ ሲሽከረከር ባየ ቁጥር የሞተሩን ጉልበት ስለሚቀንስ መኪናው ከጭቃው የሚወጣበት ጉልበት ያጣል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ አንዴ ተጭነው ሲለቁት የጎማ መሽከርከር መቆጣጠሪያው ብቻ ይጠፋል፤ ቆመው ሳሉ ከ3 ሰከንድ በላይ ይዘው ሲቆዩ ቪኤስሲውም አብሮ ይጠፋል። ከጭቃው እንደወጡ፣ አስፋልት ሳይነኩ፣ ቁልፉን መልሰው ይጫኑና ማጥፊያ መብራቱ መጥፋቱን ይዩ። ከረሱትም ሞተሩን አጥፍተው ሲያስነሱ በራሱ ይመለሳል።